መብራት በጠፋበት ሌሊት 4.6 ዲግሪ ያሳየው ሥርዓት

ዕቃዎች በሴንሰር የለኩትን በኢንተርኔት የሚልኩበት፣ የነገሮች ኢንተርኔት የሚባለው ቴክኖሎጂ በአገራችን ከገባባቸው ሥራዎች መካከል እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ቅዝቃዜ ከርቀት መከታተልን ነው። አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠን መቆየት አለባቸው፤ እንደ ፔንታቫለንት ያሉት ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ በረዶነት ከተለወጡ ጨርሶ ይበላሻሉ። በዚህም ምክንያት ማቀዝቀዣው ውስጥ ሴንሰር አስቀምጦ ንባቡን በየጥቂት ደቂቃው ወደ ሰርቨር መላክ፣ መጠኑ ከወሰን ሲያልፍም ለኃላፊው ስልክ የማስጠንቀቂያ መልእክት እንዲደርስ ማድረግ የሕፃናትን ጤና በቀጥታ የሚነካ ሥራ ነው።

በጥገና ባለሙያነቴ የተጠራሁበት አንድ የዞን የክትባት መጋዘን እንዲህ ያለ ሥርዓት ነበረው። አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ፤ በራሱ መነሣት የነበረበት ጄኔሬተርም የማስነሻ ባትሪው ደክሞ ስለነበር አልተነሣም። የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር በማግስቱ ለሰኞ ዘመቻ የሚሆን ክትባት ለማውጣት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲመጡ፣ የግቢው ጥበቃ መብራት ከጠፋ ማደሩን ነገራቸው። ስልካቸውን አውጥተው ቢያዩ ግን የክትትሉ ገጽ በአረንጓዴ ቀለም 4.6 ዲግሪ ይላል። ሲስተር ስልኩን አላመኑም። ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገብተው በራሱ ባትሪ የሚሠራውንና ከመደርደሪያው ላይ የተሰቀለውን ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ ተመለከቱ፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ በርቷል። ይህ መመዝገቢያ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት መሠረት የሚያስጠነቅቀው ሙቀቱ ሳያቋርጥ ለ10 ሰዓት ከ8 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ወይም ለ60 ደቂቃ ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪና ከዚያም ሲወርድ ነው።

እኔ በደረስኩበት ጊዜ ሲስተርና ረዳታቸው ካርቶኖቹን በረዶ ግድግዳ ወዳላቸው ማቀዝቀዣዎች አዛውረው፣ በየብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን የሙቀት አመልካች እየመረመሩ ነበር። በአመልካቹ ክብ መካከል ያለችው ትንሽ አራት ማዕዘን ከክቡ ይልቅ የነጣች እስከሆነች ድረስ ክትባቱ ከሙቀት ጉዳት ያመለጠ ነው፤ ቀለሟ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ግን ይጣላል። ሁሉም አልፈዋል፤ ሆኖም አራት ማዕዘናቸው መጥቆር የጀመረው አስቀድመው እንዲወጡ ተለይተው ተቀመጡ።

ከዚያ ሲስተር ስልካቸውን ሰጡኝና የሳምንቱን ግራፍ እያሳዩ፣ “ወንድሜ፣ ይህን መስመር እስኪ ልብ ብለህ እየው። ይህ ክፍል እንዲህ ጸጥ ብሎ ያውቃል?” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሲያርፍ ይወጣል፤ ስለዚህ የጤናማ ማቀዝቀዣ ግራፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍና ዝቅ ይላል። የቅዳሜው ምሽት መስመር ግን ከ2 ሰዓት ጀምሮ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይነቃነቅ በ4.6 ላይ ተጋድሞ ነበር።

የዚህን ምክንያት ለማግኘት ከአቅራቢው ድርጅት ባለሙያ ጋር ሆነን ሥርዓቱን አንድ በአንድ ፈተሽን። ሴንሰሩም ሆነ ንባቡን የሚያስተላልፈው ራውተር የሚሠሩት ከዚያው ማቀዝቀዣው ከሚጠቀምበት መስመር ስለነበር መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብረው ጠፍተዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገጹ ባዶ ይሆን ነበር። ሰርቨሩ ግን አዲስ ንባብ ሲያጣ የመጨረሻውን ደህና ንባብ እየደገመ እንዲያሳይ ተደርጎ ተጽፏል። እንዲህ የተደረገበት ምክንያት ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ በብዛት የሚውለው ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ሴንሰር ኃይል እንዳገኘ፣ ልኬቱን ከመጨረሱ በፊት ከተጠየቀ 85 ዲግሪ ብሎ ይመልሳል፤ ሽቦው ሲላቀቅ ደግሞ ሴንሰሩን ለማንበብ በሰፊው የተለመደው የፕሮግራም ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የፕሮግራም ክፍል) ከዜሮ በታች 127 ያሳያል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሠራተኞቹ በእነዚህ ቁጥሮች ምክንያት ከእንቅልፋቸው ይቀሰቀሱ ስለነበር አቤቱታ አቀረቡ፤ ድርጅቱም የማይታመነውን ንባብና የቀረውን ንባብ በአንድነት በቀድሞው ቁጥር ተካቸው። የሐሰት ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት የተወሰደው እርምጃ እውነተኛውንም አብሮ አጠፋው።

በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ የሚደረገው ምርምር ትኩረቱን ይበልጥ ሊያሳርፍ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ኃይል ወስዶ በርካታ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሎራዋን የተባለው የሬዲዮ ግንኙነት፣ የጣት ጫፍ በምታክል ቺፕ ላይ የሚሠሩት የማሽን ትምህርት ሞዴሎች፣ ያለ ባትሪ የሚንቀሳቀሱት ሴንሰሮች ሁሉ ለገጠር ጤና ጣቢያ ትልቅ ተስፋ ናቸው፤ ደስም ይሉኛል። ነገር ግን መረጃ ሲቀር መቅረቱን የማይናገር ሥርዓት በየትኛውም ሬዲዮ ቢላክ ለክትባት አይታመንም። መፍትሔው ደግሞ አዲስ አይደለም። አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የነደፉት ኤምኪውቲቲ የተባለው የመልእክት ፕሮቶኮል (መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ)፣ መሣሪያው ገና ሲገናኝ “ድንገት ከጠፋሁ ይህን አስተላልፉልኝ” ብሎ መልእክት የሚያስቀምጥበት አሠራር አለው፤ ከተስማሙበት ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ድምፁ ካልተሰማ መልእክቶቹን የሚያቀባብለው ማዕከል ግንኙነቱን ቆርጦ ያንን መልእክት ለሚመለከታቸው ይልካል። የመጋዘኑ ሥርዓት ይህንኑ ፕሮቶኮል እየተጠቀመ አሠራሩን ግን አላበራውም ነበር።

ጥገናውን ስንሠራ ማስተላለፊያው የራሱ ባትሪና ሲም ካርድ እንዲኖረው፣ መስመር ሲቋረጥ ንባቡን ከነሰዓቱ አስቀምጦ በኋላ እንዲልክ፣ የማይታመን ቁጥር ሳይተካ “ንባብ የለም” ተብሎ በግራጫ ቀለም እንዲታይ፣ ዝምታውም ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው አደረግን። ማስጠንቀቂያው ለማን ይድረስ የሚለው ግን ከቴክኒኩ በላይ ጊዜ ወሰደብን። በሩዋንዳ በእጅ የውኃ ፓምፖች ላይ ሴንሰር ተገጥሞ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ የተበላሸ ፓምፕ እስኪጠገን የሚወስደው መካከለኛ ጊዜ በተለመደው አሠራር 152 ቀን ገደማ፣ ጥገናው በሴንሰሩ መረጃ በተመራበት ቡድን ግን 21 ቀን ገደማ መሆኑን ሲያሳይ፣ በዚህ ቡድን መረጃው በቀጥታ ወደ ጥገና ቡድን ይሄድ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በእኛ መጋዘን መልእክቱ ለሲስተር ብቻ ይደርስ ነበር፤ ጄኔሬተሩን ማስነሣት የሚችለው ግን የጥበቃው ተረኛ ነው። አሁን መጀመሪያ የሚጮኸው የእሱ ስልክ ነው።

ከዚህ በኋላ በወጣው የግዥ ሰነድ ላይ አቅራቢው የመጨረሻ ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት ዋናው መስመር በኮሚቴው ፊት እንዲጠፋና የተረኛው ስልክ ሲጠራ እንዲታይ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠየቅሁ፤ ገባም። በሌላ መጋዘን የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ ስልኩ አልጠራም፤ ምክንያቱ ሲም ካርዱ ሂሳብ ስላልነበረው ነበር። ስለዚህ የሲም ካርዱን ሂሳብ በየወሩ የሚሞላው ማን እንደሆነና ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል የሚገልጽ ተጨማሪ መስመር በውሉ ላይ ተጻፈ።