የ650 ብሩ ፓፓጋሎ

መርካቶ ውስጥ አንድ የመሣሪያ ሻጭ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፓፓጋሎ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። አንዱ 650 ብር፣ ሌላው 4,800 ብር። ሁለቱንም እያነሳሁ ሳመዛዝን «እኅቴ፣ ለቤት ከሆነ ይህኛው ይበቃሻል፤ ያኛው የባለሙያ ነው» አለኝ። አመስግኜው 650 ብሩን ከፈልኩ። ጊዜው ጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። ያን ቀን ከአጠገቤ የቆመ ሰው «ተይ፣ አትግዢው» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ የታች ቤቷ እማማ ጣሪያ ዛሬም ነጭ በሆነ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ያ ሰው እንድሆን ነው።

ፓፓጋሎ የምለው አፉ እንደ ወፏ ምንቃር ጎበጥ ያለውን፣ መንጋጋው እየሰፋና እየጠበበ ቱቦም ዳዶም (ማዕዘን ያለውን ማሰሪያ) የሚይዘውን ፒንሳ ነው። ስሙ እንደ ካቻቢቴና እንደ ጂራቱቦ (ትልቁ የቱቦ መፍቻ) ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ጣልያኖችም በወፏ ስም ነው የሚጠሩት።

የምኖረው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በአንድ አሮጌ የኪራይ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጄ ጋር ነው። ቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩ የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። ውሃ የሚመጣው በተራ ነው፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። የማዕድ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ሥር ያለው ፍሌክሲብል፣ ውሃውን ከግድግዳው ወደ ቧንቧው የሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ማንጠብጠብ ጀመረ። አንድ የቧንቧ ባለሙያ ሦስት ጊዜ ቀጥሮኝ ሦስቴም ቀረ። እኔም ራሴ ልቀይረው ወሰንኩ። በዚህ ውሳኔ ዛሬም አልጸጸትም።

አዲስ ፍሌክሲብልና ቴፍሎን (ውሃ እንዳያፈስ መጋጠሚያ ላይ የሚጠቀለለውን ጥብጣብ) ገዛሁ። ባልዲ አቀረብኩ። ከማጠቢያው ሥር ያለውን ዕቃ ሁሉ አወጣሁ። እስከዚህ ድረስ የሚነገር ነገር የለም።

ቀጥሎ ያለውን ግን በዝርዝር ልናገር፤ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ስለሆነም ከእሱ ልጀምር። የውሃ መዝጊያውን አልዘጋሁም። ውሃ ከመጣ አራት ቀን ሆኖት ነበር፣ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ይተፋል፤ ስለዚህ «ውሃ የለም» ብዬ አመንኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው በዚህ መታለል አልነበረበትም። ባዶ ቱቦ ማለት የተዘጋ ቱቦ ማለት አይደለም። ውሃው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው ራሱ ውሃው ነው።

ፓፓጋሎውን ከግድግዳው ከሚወጣው ኒፕል (አጭር የቱቦ ቁራጭ) ጋር የተጋጠመው የነሐስ ዳዶ ላይ አስገባሁት። የገዛሁት ዓይነት መንጋጋውን የሚያስተካክሉ አምስት ቦዮች ብቻ ነበሩት። በአንደኛው ስይዘው ዳዶው ይላላል፤ በሚቀጥለው ደግሞ እጀታዎቹ በጣም ከመራራቃቸው የተነሳ እጄ አይደርስም። የእኔ እጅ ትንሽ ነው፤ ሁለቱን በአንድ መዳፍ መጨበጥ አቃተኝ። በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁ። አንሸራተተና የዳዶውን አንድ ማዕዘን ላጠው። እንደገና ያዝኩ፤ ሌላውን ማዕዘን ላጠው። በሦስተኛው ክብደቴን ሁሉ ስጥልበት መጋጠሚያው ከቦዩ ዘሎ ወጣ፤ እጀታዎቹ ተጋጩና የመዳፌን ቆዳ በመሃላቸው ቆነጠጡት፤ የጣቶቼ አንጓዎች ከግድግዳው ሸክላ ጋር ተላተሙ። ደም ሲወርድ ያየ ልጄ «እማ፣ ተይው» አለኝ። አልተውኩም። በአራተኛው ሙከራ የሆነ ነገር ዞረ፣ ደስም አለኝ። የዞረው ግን ዳዶው ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው ኒፕል ነበር። ኒፕሉ በመጠምጠሚያ ጥርሱ ላይ ተሰንጥቆ ትንሽ ቡናማ ውሃ አንጠባጠበ። ባልዲውን ከሥሩ አድርጌ፣ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጠዋት ሌላ ባለሙያ እፈልጋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውሃው መጣ።

ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ። ስነሳ ማዕድ ቤቱ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ወደ ደረጃው ሮጥኩ፤ የየቤቱ ቆጣሪና መዝጊያ ያሉት እዚያ ነው። የእኔ መዝጊያ መያዣው ከወለቀ ቆይቷል፤ የቀረው አራት ማዕዘን የብረት ጫፍ ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ለቤቱ አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። መልስ አልሰጡኝም። ስለዚህ ያንን ጫፍ ለማዞር ያለኝ ብቸኛ መሣሪያ ያው ፓፓጋሎ ነበር። ልጄ ባትሪ አበራልኝ፤ እኔ እየያዝኩ እሱ እያመለጠኝ፣ እየያዝኩ እያመለጠኝ። ጥርሶቹን በብርሃን ሳያቸው ጠፍጥፈው ነበር። አንድ ቀን ብቻ የሠራ መሣሪያ! በመጨረሻ የሕንፃው ጥበቃ ከታች ጂራቱቦ ይዞ መጣና በአንድ ጊዜ ዘጋው። ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈስሷል።

እማማ በራቸውን ሲከፍቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ነበር። ውሃው በመብራቱ ቀዳዳ በኩል በቀጥታ አልጋቸው ላይ ይወርድ ነበር። ለወሩ ያስፈጩት ጤፍ አልጋው ሥር ነበር። አልተቆጡኝም። «እጅሽን ምን ነካው ልጄ?» ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ባለሙያው መስክ ወጥቷል ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን መዝገብ ቤት ማመልከቻዬን ተቀብሎ ቁጥር ሰጠኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ኃላፊ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ተከራይ ያለ ፈቃድ የውሃ መስመር መንካት እንደማይችል፣ ስለዚህ ጉዳቱ የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ። መያዣ ስለሌለው መዝጊያ ያስገባሁትን የአምናውን ማመልከቻ ቅጂ አወጣሁ። «ይህ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ። ሌላ ጉዳይ! ያ መያዣ ቢኖር ኖሮ ውሃው በአንድ ደቂቃ ይዘጋ ነበር። ደንቡን አክብሩ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ማመልከቻውን ጻፉ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱበት፣ በዚያው ቀን ግን መዝጊያችሁን ራሳችሁ አስጠግኑ። እኔ አሁን አዲስ አስገጥሜያለሁ፤ በየወሩ መጀመሪያ አንዴ ዘግቼ እከፍተዋለሁ፣ እንዳይደርቅ።

በመጨረሻ የመጡት ባለሙያ ሽማግሌ ነበሩ። ከሻንጣቸው ሁለት ፓፓጋሎ አወጡ፤ የእጀታቸው ቀይ ፕላስቲክ በአገልግሎት ብዛት ጠቁሯል። በአንዱ ኒፕሉን ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን። «አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይዙር፤ በአንድ እጅ ቧንቧ አይፈታም» አሉኝ። ቀጥሎ ያደረጉትን ግን ሆን ብለው ያደረጉት አልመሰለኝም፦ ቴፍሎን ለማንሳት ሲዞሩ ፓፓጋሎውን ለቀቁት፤ እሱም ሳይወድቅ ቱቦውን እንደነከሰ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማንም አልጨበጠውም። የ650 ብሩና የ4,800 ብሩ ልዩነት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩ ፓፓጋሎ የመንጋጋው ጥርሶች የተቆረጡት ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። እጀታውን በትክክለኛው አቅጣጫ በገፋችሁት መጠን መንጋጋው ራሱ ይጠብቃል፤ የእጃችሁ ሥራ መግፋት ብቻ ይሆናል። ገልብጣችሁ ከያዛችሁት ግን የትኛውም ይለቃል። የርካሹ ጥርስ ለመልክ የተቆረጠ ነው፤ መጨበጡን ሙሉ በሙሉ ከእጃችሁ ጉልበት ይጠብቃል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ባለሙያው ጠንካራ እጅ አለው፣ ማዕዘኑን ያውቃል፣ ሁለተኛ መሣሪያም ይዟል። እሱ በርካሹም ሊወጣው ይችላል። እኔ ከሦስቱ አንዱም የለኝም። «ውዱ የባለሙያ ነው» የሚለው ነገር የተገላቢጦሽ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ራሱ የሚነክሰው መሣሪያ የሚያስፈልገው ደካማ እጅ ላለው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚሠራ ሰው ነው።

ሌላም በየቦታው የሚሰጥ ምክር አለ፦ መጀመሪያ ርካሹን ግዛ፣ ሲሰበር ውዱን ትገዛለህ። ለካቻቢቴ፣ ለሜትር፣ ለመዶሻ እስማማለሁ፤ የእኔም ሁሉም ርካሽ ናቸው። ፓፓጋሎ ግን ብቻውን አይበላሽም። ሲበላሽ የያዘውን ዳዶ ልጦ፣ ቱቦውን ሰንጥቆ፣ እጅ አቁስሎ ነው።

ሁለተኛውን ለመግዛት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያ 4,800 ብር የነበረው ዓይነት 8,500 ተባልኩ። ያም ሆኖ ለመግዛት ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስት ሱቆች ጀርመን የሚል የታተመባቸው አየሁ፤ በአንደኛው ላይ የፋብሪካው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። «ክሮም ቫናድየም» የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ፤ በእኔ የ650 ብር ፓፓጋሎ ላይም በትልቁ ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ ስንዝር የግማሽ ኢንች የብረት ቱቦ ቁራጭ ገዛሁ። ግማሽ ኢንች ይባል እንጂ በውጭ በኩል ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ የቤታችሁ ቱቦም በአብዛኛው ያው ነው። እሱን በቦርሳዬ ይዤ በየሱቁ ሞከርኩ። ቱቦውን በአንድ እጅ አግድም ይዞ፣ ፓፓጋሎውን አስነክሶ፣ እጀታውን በአንድ ጣት መግፋት። ካመለጠ አትግዙ። ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ መግፋትና መጋጠሚያው ከቦዩ እንደማይዘል ማየት። በመጨረሻም ሲዘጋ በእጀታዎቹ መሃል ለጣት የሚበቃ ክፍተት መቅረቱን ማረጋገጥ። ሻጮች አይወዱትም። አንዱ «ሥራ አታስፈቺን» ብሎኛል። ልጄንም ወንድሜንም ለምን አልላክሁም የሚሉኝ አሉ፤ የሚይዘው የእኔ እጅ ስለሆነ መለካት ያለበት በእኔ እጅ ነው።

አንዱም አላለፈም። በመጨረሻ ጀርመን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስትመጣ የክኒፔክስን ኮብራ አመጣችልኝ፣ 250 ሚሊ ሜትሩን። ክኒፔክስ ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቩፐርታል ከተማ ውስጥ ፒንሳ የሚሠራ ፋብሪካ ነው። የጥርሶቹ ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 61 አካባቢ ነው፤ የቤት ቱቦ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው። የእኔ አምስት ቦይ በነበረበት ቦታ ይህ 25 ማስተካከያ አለው። ለትንሽ እጅ ዋናው ይህ ነው፤ ምንም ስይዝ እጀታዎቹ ከመዳፌ አይርቁም። መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ቁልፍ በጣቴ ተጭኜ ካላስተካከልኩት ከቦታው አይንቀሳቀስም። እስከ ሁለት ኢንች ቱቦ ይይዛል።

እሱ ብቻ ነው ጥሩ አልልም። የአሜሪካኖቹ ቻነልሎክም አለ፤ የቦዩን አሠራር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሚድቪል በምትባል የፔንሲልቬኒያ ከተማ የፈጠሩት እነሱ ናቸው። ወንድሜ አለው፣ አይዘልም። እኔ ግን የሚጫን ቁልፍ ያለውን እመርጣለሁ። 300 ሚሊ ሜትሩን አትግዙ፤ ማጠቢያ ሥር አይገባም። ክሮም የተቀባ ቧንቧ ላይ ደግሞ ማንኛውንም ጥርስ ያለው ፓፓጋሎ ከማስገባታችሁ በፊት ቆዳ ጠቅልሉበት፤ ጥርሱ ጥሩ በሆነ መጠን ጭረቱም ጥልቅ ነው።

ለያዥነት የሚሆን ሁለተኛ መሣሪያ ግን ውድ መሆን የለበትም። ያገለገለ ጂራቱቦ ከምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል፤ ኒፕሉን የምይዘው በእሱ ነው።

ባለፈው መስከረም የመታጠቢያ ቤቱን ፍሌክሲብል ቀየርኩ። መዝጊያውን ዘጋሁ፣ በጂራቱቦው ያዝኩ፣ በኮብራው ፈታሁ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ልጄ ባትሪ ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ አላስፈለገም።

ለባለሙያው 4,500 ብር ከፍያለሁ። ለእማማ ፍራሽና ጤፍ ተክቻለሁ፤ ጤፉን አልቀበልም ብለው ሁለት ጊዜ መልሰውልኝ ነበር። ጣሪያቸው ላይ ያለው ቡናማ እድፍ ግን ከአልጋቸው ትክክል ነው፤ ሲጋደሙ የሚያዩት እሱን ነው። ቀለሙን ገዝቼ ደረጃው ሥር አስቀምጫለሁ። ዝናቡ ሲያቆምና ኮርኒሱ ሲደርቅ እቀባላቸዋለሁ።