የሴት ጦማርያን ጉባኤ፦ ማስታወሻው በዚያው ማታ በአማርኛ እንዲወጣ

ከጉባኤ የምንይዘው ማስታወሻ በዚያው ማታ ተጣርቶ በአማርኛ መውጣት ጀምሯል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚወጣ «ከጉባኤው ምን ተማርን» የሚል ጽሑፍ አንባቢ ስለማያገኝ፣ እኔ ይህን ትልቅ እርምጃ ብዬ ነው የምቆጥረው። እህቶች፣ የሠራውንም ገና ያልሠራውንም እዚህ አስቀምጣለሁ። ምሳሌዬ ብሎግኸር የሚባለው የሴት ጦማርያን ጉባኤ ነው፤ አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን የምናውቀው እሱን ነው፣ የሌሎቹም አሠራር ከእሱ ብዙ አይርቅም።

ታሪኩን ባጭሩ ለማታውቁት፦ ሊሳ ስቶን፣ ኤሊሳ ካማሆርት ፔጅ እና ጆሪ ዴ ዣርዳን «ሴት ጦማርያን የት አሉ?» ለሚለው የዘመኑ ጥያቄ መልስ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2005 ሳንታ ክላራ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ጀመሩት። በ2012 ኒው ዮርክ ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ በቪዲዮ ንግግር አደረጉለት፤ በ2013 ቺካጎ ላይ የፌስቡክ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረችው ሼሪል ሳንድበርግ ተናገረች። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ግን ታዋቂ ሰው መምጣቱ አይደለም። ውይይቱን እየሰሙ እዚያው የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት፤ ቤቷ የቀረች ሴት ጽሑፉን እያነበበች ትከታተል ነበር። እኛም በአማርኛ የምንሞክረው ያንን ነው።

የውይይት ምርጫ ላይ ብዙ አልቆይም። የትልቁ አዳራሽ ንግግር ብዙውን ጊዜ ቪዲዮው ይወጣል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል፤ እሱን ለመጻፍ ጣት ማድከም አያስፈልግም። ትንሹ ክፍል ውስጥ ግን ሰው ዋጋ ይጠራል፣ ውል እንዴት እንደሚዋዋሉ ይናገራል። እዚያ ግቡ። ቦታችሁ ሁለተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር፣ ከተቻለ የግድግዳ ሶኬት አጠገብ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው። የሚያስቸግረው ጣት ነው።

ተናጋሪዋ እንግሊዝኛ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ትናገራለች። እኛ የምንጽፈው የእንግሊዝኛ ፊደላትን እንደ ድምፃቸው እየመታን አማርኛ በሚያወጣ ቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ እዚያ ላይ ሳድስ ፊደል አንድ ምት ይፈልጋል፣ ሌሎቹ በአብዛኛው ሁለት። «አስተዋዋቂዎቹ» ስምንት ፊደል ሆኖ 14 ምት ይበላል። «ስፖንሰር» አምስት ፊደል፣ ሰባት ምት። ስለዚህ የምትሰሙትን ሁሉ እየተረጎማችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ልጻፍ ካላችሁ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተናጋሪዋ ትቀድማችኋለች፣ ከዚያ በኋላም አትደርሱባትም። ብዙዎች መፍትሔ የሚሉት በእንግሊዝኛ ይዞ ማታ መተርጎም ነው። እኔ በፍጹም አልስማማበትም። ማታ የደከመ አእምሮ የሚያወጣው አማርኛ ፊደሉ ብቻ አማርኛ ነው፤ ከዚህም በላይ ሥራው ሁለት እጥፍ ስለሚሆን በዚያው ሌሊት አይወጣም፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ውይይት አለ።

የሚሠራው ሐሳቡ እስኪያልቅ ሰምቶ አንድ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ ስሞቹን አጽሙን ብቻ አስቀርቶ፣ ማለትም ሁሉንም በሳድስ። «ስፖንሰር» «ስፕንስር» ሲሆን ሰባቱ ምት ወደ አምስት ይወርዳል። ስሞች በዚህ መንገድ ቢቆረጡም ማታ ይነበባሉ፣ ዙሪያቸው ያለው ቃል ይጠቁማል።

ግሥን ግን አትንኩ። አማርኛ ማን አደረገ፣ ማን ተደረገበት የሚለውን የሚይዘው በአናባቢው ውስጥ ነው። «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» ሁለቱም ሲቆረጡ «ይክፍልል» ይሆናሉ። የስፖንሰር ዋጋ ውይይት ላይ ደግሞ ጉዳዩ በሙሉ ያ ነው፦ ከፋዩ ማን ነው፣ ተከፋዩስ? «ይመርጣል» እና «ይመረጣል»ም እንደዚያው። ግሥ ሙሉውን ይጻፍ፣ የፈጀውን ምት ይፍጅ።

አፍራሽ ግሥ ሌላው ወጥመድ ነው። አፍራሽነቱ በ«አይ» ተጀምሮ በ«ም» ስለሚያልቅ የቸኮለ እጅ አንዱን ይጥላል፤ ማታ ሲነበብ ተናጋሪዋ አትቀበሉ ያለችው ተቀበሉ ይሆናል። ከግሡ በፊት × አድርጉ፣ ከዚያ ግሡን በአዎንታ ጻፉት። «× ይፈርማል» ማለት አይፈርምም ማለት ነው። ትንሽ ያስቃል፣ ግን ያድናል።

ቁጥር በአሃዝ፣ መለኪያው ሳይለየው። «500» ብቻ ማታ ምንም አይነግርም፤ በአንድ ጽሑፍ ነው፣ በወር ነው፣ ወይስ ለሦስት ጽሑፍና ለአንድ ቪዲዮ? መለኪያውን ተናጋሪዋ ካልተናገረች ከአጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጉና በጥያቄ ጊዜ እጅ አውጡ። ለተናጋሪዎችም ስም አትጻፉ። ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሁኑ፣ አወያይዋ 0፤ ስማቸው ከገጹ አናት አንዴ ይጻፍ።

ከመሣሪያ የምወደው የራስ ሰር ማረሚያውን ነው፤ ወርድም ሊብሬ ኦፊስም አላቸው። አጭሩን ስትጽፉና ባዶ ቦታ ስትመቱ ረጅሙን ይተካል። ከውይይቱ በፊት ባለው ማታ የፕሮግራሙን ርዕሶች አንብቡና የሚደጋገሙትን 40 ያህል ቃላት አስገቡ፦ ስፖንሰር፣ ተከታታይ፣ ማስታወቂያ፣ ውል፣ የቅጂ መብት። ችግሩ መሣሪያው በተለመደው አሠራሩ የሚያውቀው ሙሉ ቃል ብቻ መሆኑ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ፊትም ኋላም ይቀጥላል። ለ«ስፖንሰር» ያስገባችሁት «ስፕ» ይተካል፣ «ለስፕ» እና «የስፕ» ግን እንዳሉ ይቀራሉ። ለዚህ እያንዳንዱን አጭር ከ«ለ»፣ ከ«በ»፣ ከ«የ» እና ከ«ከ» ጋር ጨምራችሁ አስገቡ፣ አንዱ ቃል አምስት መስመር ይሆናል። አሰልቺ ነው፣ ግን የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ከኋላ የሚቀጠለውን («ስፖንሰሩ»፣ «ስፖንሰሮቻቸው») ትቼዋለሁ፤ ማታ በእጅ ይስተካከላል። ሌላው ጥንቃቄ፣ አጭሩ ራሱ ቃል እንዳይሆን። ለ«ጦማሪ» «ጥም» ብትሉ ስለ ውኃ ጥም የተጻፈው ሁሉ ጦማሪ ይሆንላችኋል። ከኋላው አሃዝ ጨምሩ፦ «ጥም1»።

ቁልፍ ሰሌዳው ኪይማን ቢሆን እመርጣለሁ። ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ በነፃ ነው፣ ዋናው ነገር ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድረ ገጽ ላይ ገብቶ መጻፍ የለመዳችሁ የሆቴሉ ዋይፋይ ሲቆም አማርኛችሁም አብሮ ይቆማል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የአማርኛ ሰሌዳም ያለ መረብ ይሠራል፤ አቀማመጡ ግን ሌላ ስለሆነ በጉባኤው ጠዋት አይለመድም። የድሮ ፓወር ግዕዝ የምትጽፉ፣ ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ሥርዓት) ያልሆነው ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ተዉት።

ዋይፋዩ መቆሙ አይቀርም። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ አሜሪካ ውስጥ እርስ በርስ የማይደራረቡት መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ክፍሉ ውስጥ ያለው ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ እነሱን ይሻማል፤ ሁሉም ከስልኩ መረብ ላጋራ ሲል ደግሞ ይብሳል። ስልካችሁን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ፣ ወይም ማጋሪያውን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ። ፓወር ባንክ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢልም ስልክ የሚደርሰው 6,000 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚለካው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ሲሆን ወደ 5 ቮልት ሲቀየርም ይባክናል። በአውሮፕላን የምትመጡ፣ ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ ያለ ልዩ ፈቃድም እስከ 100 ዋት ሰዓት።

ድምፅ መቅዳት ለማረጋገጫ ብቻ ይሁን። ሙሉውን ቅጂ እየሰሙ መጻፍ ሌሊቱን ይጨርሰዋል። በየአምስት ደቂቃው ከማስታወሻው ዳር መቅጃው የሚያሳየውን ደቂቃ ጻፉ፤ የግድግዳውን ሰዓት አትጻፉ። የእኛ እጅ 10:30 የሚለውን ፕሮግራም 4:30 ብሎ ይጽፋል፣ የድምፁ ፋይል በአሜሪካ ሰዓት ይሰየማል፣ ማታ የስድስት ሰዓት ልዩነት ፍለጋ ይጀመራል። የምትቀዱት የመድረኩን ብቻ ይሁን። ካሊፎርኒያ ውስጥ የግል ንግግር ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኒው ዮርክ ላይ የአንዱ ይበቃል። ሕጉ ቢፈቅድም የምሳ ጠረጴዛ ወሬ መቅዳት ነውር ነው።

ፎቶም እንዲሁ። በብዕር ስም የሚጽፉ ሴቶች አሉ፣ የባጁ ገመድ ቀለም «አታንሱኝ» የሚል ሊሆን ስለሚችል መመሪያውን አንብቡ። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢትዮጵያ ውስጥ የዞን 9 ጦማርያን ሲታሰሩ ማኅሌት ፋንታሁን አንዷ ነበረች። የሌላዋን ፊትና ስም ይዛችሁ ስትለጥፉ አገር ቤት ቤተሰብ እንዳላት አስቡ።

ኩባንያዎች በጉባኤው ስለሚያድሉት የስጦታ ቦርሳ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቺካጎ በተካሄደው ብሎግኸር ላይ የነበረው የስጦታ ሽሚያ ብዙ አነጋግሮ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያውን አሻሽሎ፣ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦማሪ ስለ ዕቃ ስትጽፍ ከአምራቹ ያገኘችውን ጥቅም እንድትገልጽ አደረገ። በአማርኛ ለምንጽፍ የሚመለከተን፣ መግለጫው ጽሑፉ በተጻፈበት ቋንቋ መሆን አለበት። ከአማርኛ ጽሑፍ ግርጌ በእንግሊዝኛ የሚቀመጥ አንድ ቃል አይበቃም። ከላይ፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጋር፣ «ይህን ዕቃ ኩባንያው በነፃ ሰጥቶኛል» በሉ። እኔ ቦርሳውን ባለመውሰድ አምናለሁ፤ ትከሻም ሕሊናም ይቀላል።

የስም ካርድ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል ይሁን፣ በማያብረቀርቅ ወረቀት፣ እስክሪብቶ እንዲይዝ። ማተሚያ ቤቱ የግዕዝ ፎንት ላይኖረው ስለሚችል ፊደሉን በንድፍ ፕሮግራሙ ወደ ቅርጽ (outline) ቀይራችሁ ላኩ፤ አለበለዚያ ስማችሁ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታተማል።

ማታ ሲለጠፍ፣ የገጹን አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደል አሳጥሩ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ድረ ገጾች ፊደል በሚመዘግቡበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ነው፣ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ለአድራሻው ስም የሚሰጠው 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል በኋላ ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ሲላክም ሰው የሚያየው የፐርሰንት ሰልፍ ነው።

እስካሁን ያልተፈታው ተናጋሪዎቹ እየሳቁ እርስ በርስ ሲቋረጡ ነው። ቁጥሮቹ ይቀላቀላሉ፣ 2 ያለችው ለ3 ይሰጣል፣ ቅጂውም ድምፅን ከድምፅ አይለይም። አሁን የምንሞክረው ሁለት ሆኖ መቀመጥ ነው፦ አንዷ የተባለውን ብቻ ትጽፋለች፣ ሌላዋ የተናጋሪ ቁጥርና የመቅጃውን ደቂቃ ብቻ፣ ማታ ሁለቱ ፋይሎች በደቂቃው ይገጣጠማሉ። አንዷ መቅጃውን ከሌላዋ ሦስት ደቂቃ ዘግይታ ከከፈተችው አይገጥምም፤ ስለዚህ የሚቀዳው አንድ ስልክ ይሁን፣ ከሁለታችሁ መሃል ይቀመጥ፣ ስክሪኑም እንዳይጠፋ አድርጉት።