ስኳር ከመለካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ (የጣፋጭ አምሮቴ ነገር)

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን ጣፋጭ የሚያምራችሁና ራሳችሁን "ሆዳም" እያላችሁ የምትሳደቡ ካላችሁ ይሄን አንብቡ፣ ሆዳምነት አይደለም። እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ በኩል ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ስኳሩም ብስኩቱም ከረሜላውም እጄ ስር ነው የሚውለው። ለዓመታት ቁርስ ከበላሁ ትንሽ ቆይቶ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በደንበኛ ላይ እነጫነጫለሁ፣ ከረሜላ አፌ ሲገባ ነው ሰው የምሆነው። ባለቤቴ "ከምትሸጪው የምትበዪው ይበልጣል" ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ነው።

አሁን በጣም ቀንሶልኛል። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ያቃጠለኝን ነገር ላውራ፣ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ።

እስኪ ስኳር ልለካ ብዬ ሄድኩ። የት እንደሆነ ስሙን አልጠራም። በቀጥታ ከሱቅ ነው የወጣሁት፣ ጠዋቱን ሙሉ ስኳር በኪሎና በግማሽ ኪሎ እየመዘንኩ በፌስታል ስቋጥር ነበር፣ የሱቅ ሰው የሆነ ያውቀዋል፣ ስኳር ጥፍር ስር ይገባል፣ ጣት ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ የደብረ ብርሃን ውሃ ደግሞ በጠዋት የሚነካ አይደለም። ወረፋ ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ የሚለካው ልጅ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። "ጣት" አለኝ። ሰጠሁት። ታጠቢ የለ፣ ጥጥ የለ፣ ምን የለ፣ ወጋኝ። እጄ በረዶ ስለነበር ደሙ አልወጣ አለው፣ እንደ ሎሚ ጨመቀው፣ በስንት መከራ አንዲት ጠብታ ወጣችለት። ማሽኑ 243 አለ።

"እናት፣ ስኳር አለብሽ።" በቃ እንዲሁ። ቁርስ በልተሽ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ይሄን ካለ በኋላ ነው። ሻይ በዳቦ በልቻለሁ አልኩት። "ቢሆንም" አለ። ቢሆንም! የመድኃኒት ስም ወረቀት ላይ ጫር ጫር አርጎ ሰጠኝና "ዕድሜ ልክ ነው የሚወሰደው" ብሎኝ ቀጣዩን ጠራ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ መንዝ ሆና በስልክ ሰማች፣ እሷም አለቀሰች። ከዛ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፣ አንዷ አብሽ ጠጪ ትላለች፣ ሌላዋ ማር ብዪ ማር ስኳር አይደለም ትላለች፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ግብጦ ቀቅለሽ ውሃውን በባዶ ሆድ ጠጪ አሉኝ። የግብጦውን ውሃ እንዳትሞክሩት፣ መርዙ የሚወጣው እኮ እዛ ውሃ ውስጥ ነው፣ ለዛ አይደል ሰው ለቀናት እየዘፈዘፈ ውሃውን የሚደፋው። ማርም ቢሆን ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው፣ ከሰማይ የወረደ ይመስል የምታወሩለት ነገር አይገባኝም።

መድኃኒቱን ሳልጀምር ያተረፈችኝ የአጎቴ ልጅ ናት፣ ላብራቶሪ ተምራ አዲስ አበባ ነው የምትሰራው። ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ "እታለም፣ እጅሽን ታጥበሽ ነበር?" ነው። የምትቀልድ መስሎኝ ተናደድኩባት። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፣ ጣት ላይ ስኳር ወይ የብርቱካን ጭማቂ ካለ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፣ ማሽኑ የደሙ ይሁን የጣቱ አይለይም፣ ደምሮ ነው የሚናገረው። ጠብታዋ ደግሞ ኢምንት ስለሆነች ለዓይን የማይታይ ስኳር ይበቃታል። አልኮል ብቻ መቀባትም ሁልጊዜ አያስለቅቀውም፣ በውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው። ውሃው ለብ ካለ ደሙም በራሱ ይወርዳል፣ ጣት ማነቅ አያስፈልግም፣ መጨመቅ ራሱ ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል።

ይሄ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ከባድ የውሃ ጥም፣ ሽንት ማመላለስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ያለ ምልክት የሌለበት ሰው በአንድ የጣት ልኬት ስኳር አለብህ አይባልም። ከክንድ ደም ተወስዶ ላብራቶሪ ነው የሚታየው፣ ከፍ ካለም በሌላ ቀን ይደገማል። ልጁ ይሄን አያውቅም ብዬ አላምንም፣ ያውቃል፣ ሰልችቶት ነው። የሱ መሰልቸት ግን እኔን እንቅልፍ ነሳኝ፣ ልጆቼን ለማን ጥዬ ልሄድ ነው እያልኩ ጣራ ሳይ ነበር የማድረው።

ማታ በልቼ፣ ጠዋት ውሃ ብቻ ጠጥቼ፣ ሌላ ቦታ ከክንዴ ደም ሰጠሁ። በባዶ ሆድ 103 ሆነ። ያለፉትን 3 ወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየው፣ የ3 ወር ስኳር የሚባለውም ተሰራ፣ 5.6 በመቶ። ለማታውቁት፣ በባዶ ሆድ 126 እና ከዛ በላይ ሲሆን፣ የ3 ወሩ ደግሞ 6.5 እና ከዛ በላይ ሲሆን ነው የስኳር በሽታ የሚባለው። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ከ100 እስከ 125 ያለውን "ቅድመ ስኳር" ይለዋል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ110 ነው የሚጀምረው። እኔ እንግዲህ በአንዱ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ፣ በአንዱ ደህና ነኝ። ውጤቱን ይዤ የመጀመሪያው ቦታ ተመለስኩ፣ ልጁ የለም፣ ሌላ ሰው አየውና "ታዲያ ደስ አይልሽም? ምን ያናድድሻል?" አለኝ። ወጣሁ።

ወደ አምሮቱ ልመለስ። የአጎቴ ልጅ ማሽን ላከችልኝ፣ እጄን እየታጠብኩ መለካት ጀመርኩ። ነጭ ዳቦና 3 ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ስበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ 168 ይደርሳል። ያ መንቀጥቀጥና ንጭንጭ ሲጀምረኝ ደግሞ 74 ሆኖ አገኘሁት። 74 ወርዷል አይባልም፣ ወርዷል የሚባለው ከ70 በታች ሲሆን ነው። ግን ከዛ ከፍታ በአጭር ጊዜ ቁልቁል ነው የመጣው፣ ስኳሩ በአንዴ ሲጎርፍ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ትለቃለች፣ ኢንሱሊኑ ጠርጎ ያወርደዋል፣ አንዳንዴም ከተነሳበት ዝቅ ያደርገዋል። ከምግብ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደዚህ የሚወርድባቸው ሰዎች ቶሎ እንደሚርባቸው በጥናትም ታይቷል። በሱ ላይ ከረሜላ ስጨምርበት እንደገና ሽቅብ፣ እንደገና ቁልቁል። ቀኔን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ስል ነበር የምውለው ማለት ነው።

የለወጥኩት ቁርሴን ነው፣ ሌላው ተከትሎ መጣ። በፍስክ ቂንጬ በእንቁላል፣ በጾም ባቄላ ንፍሮ ወይ አሹቅ፣ ወይ ሽሮ። ገብስ አገራችን ሞልቶ ስንዴ ዳቦ ላይ መሞታችን ያናድደኛል፣ ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር (ፋይበር) አለ፣ ሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ ይወፍርና ስኳሩ ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ግን እህሉ ባልደቀቀ ቁጥር ይሻላል፣ ቆሎ ከበሶ ይሻላል፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶማ ጭራሽ አታንሱት። የሻዩን ስኳር ማንኪያ በማንኪያ ቀነስኩ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ሲበዛበት ምላስ ይታለላል።

ምሳ ላይ ጥራጥሬውንና ጎመኑን ቀድሞ እንጀራውን በኋላ መብላት ስኳሩን ያለዝበዋል። እኛ አገር ግን ወጥ ብቻውን በማንኪያ ሲበላ ማን አይቶ ያውቃል፣ አንዴ አማቴ ፊት ሞክሬው "ምነው ልጄ እንጀራው ሻገተ እንዴ?" አሉኝ። አሁን ንፍሮ ቆንጠር አድርጌ ነው ወደ ማዕድ የምቀርበው፣ ማንም አያውቅብኝም። ከበላሁ በኋላ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከመቀመጥ ወጣ ብዬ ትንሽ እራመዳለሁ፣ ይሄ ከምንም በላይ ሠርቶልኛል።

"ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ብሉ" የሚለውን ምክር ግን ለእኔ አልቀበለውም። ሱቅ ውስጥ ላለ ሰው "ትንሽ" ማለት ብስኩት ነው። 3 ጊዜ ጠግቤ መብላት ነው የበጀኝ። ስኳር ጨርሰሽ አቁሚ የሚሉትንም አልሰማሁም፣ ሲያምረኝ ምግብ ላይ ደርቤ እበላለሁ፣ በባዶ ሆድ ግን በፍጹም። የተጨመረ ስኳርን የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል 25 አካባቢ ይላል፣ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ አለው። ለስላሳውን እሸጣለሁ፣ አልጠጣም።

ሁዳዴ ላይ 9 ሰዓት ሲደርስ በሻይና በዳቦ የምትፈቱ፣ አምሮቱ ማታ የሚያናውጣችሁ በዛ ነው፣ በሽሮ ወይ በምስር ፍቱና ሻዩ ይከተል። ይሄ ሁሉ ግን ኢንሱሊን ወይ የስኳር ኪኒን ለሚወስድ ሰው አይደለም፣ እሱ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ስኳሩን ወዲያው መውሰድ አለበት፣ ጾሙንም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ማሽን የምትገዙ ከሆነ ቀድማችሁ የስትሪፑን (የደም ጠብታው የሚነካበትን ቁራጭ) ዋጋ ጠይቁ፣ ማሽኑ ረክሶ ስትሪፑ የሚጠፋ አለ። የስትሪፑን ዕቃ ከፍታችሁ አትተዉት፣ እርጥበት ያበላሸዋል። በታኅሣሥ ጠዋት ማሽኑ ስህተት ካላችሁ ደግሞ ብርዱ ነው፣ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ትንሽ አቆዩትና እንደገና ሞክሩ።