ሕግ አውጪው አንድ ሌሊት ማማ ላይ ይደር

አደን ሲባል ለብዙ የከተማ ሰው የሚታየው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በድሮ ፎቶ ላይ ዝሆን ጥሎ ጠብመንጃውን ተደግፎ የቆመ ባላባት ነው። ሌላው ሌሊት ዋልያ ገድሎ የሚሸሽ ወንጀለኛ ነው። በመሃል ያለው ሰው አይታይም። እኔ ከሊማሊሞ ሥር ባለው ቆላ ተወልጄ፣ ማሽላ እየጠበቅሁ፣ ከአያቴ ጋር ቆቅና ጅግራ እያደንሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጥሻ ስገባ ነፍሴ መለስ ትላለች። ጎንደር ከተማ ስሄድ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እንጠጣለን፣ ስለ ዱር እንስሳም ጨዋታ ይነሣል። ሁሉም ተቆርቋሪ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ገበሬው እኮ ነው የጨረሳቸው" ይላል፣ ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። የዱር እንስሳ ይጠበቅ የሚለውን ሕግ እደግፋለሁ። ዋልያ ላይ የሚተኩስ ሰው ዘመዴም ቢሆን ይጠየቅ። ነገር ግን ሕጉ ከጥሻው ሰው ጋር ሳይመክር "አትንካ" ብቻ ብሎ ከሄደ እንስሳውንም አያተርፈውም።

አያቴ የኖሩበት ዘመን ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በአደባባይ ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፣ ድግስ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ወንድነት በግዳይ ይለካ ነበር። ያ ቀርቷል፣ መቅረቱም ልክ ነው። ዛሬ ግዳይ እንቁጠር ብንል ዱሩ በጥቂት ዓመት ባዶ ይቀራል። ግን ከፉከራው ጋር አብረን የጣልነው ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ነው የሚቆጨኝ። አያቴና እኩዮቻቸው ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው። የረገዘች ሚዳቋ የመታ ሰው ዓመት ሙሉ በየለቅሶውና በየማኅበሩ ስሙ ይነሣ ነበር። ውኃ ሊጠጣ የወረደ እንስሳ አይተኮስበትም። አቁስሎ መተው ነውር ነው፣ ደሙን ተከትሎ እስኪመሽ መሄድ ግዴታ ነው።

ጾሙን ደግሞ አስቡት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። አጥብቆ የሚጾም ሰው የዓመቱን እኩሌታ ያህል ሥጋ አይቀምስም። ሥጋ በማይበላበት ቀን ማን ያድናል? አንድም ባለሙያ "የአደን ወቅት ተዘግቷል" ብሎ ሳያውጅ ዱሩ በየዓመቱ እረፍት ያገኝ ነበር። የደብሩም ደን አለ። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ጽድና ወይራ አይቆረጥም፣ እዚያ የተጠጋ እንስሳም አይነካም። ድኩላ እያባረርን ቅጥሩ ጋ ስንደርስ አያቴ "ታቦቱ ጋ ገባ" ይላሉ፣ አለቀ፣ እንመለሳለን። ለዚህ ጥበቃ አልተቀጠረም፣ ታፔላም አልተተከለም። ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ከዚህ ምን ተማሩ? እስካሁን ማንም መጥቶ ሲጠይቅ አላየሁም።

አሁን ወደ ማሽላው ልምጣ፣ የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

ማሽላ እሸት ሲይዝ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ ወንድ ልጅ ቤቱ አያድርም። ማሳው መሃል በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ማማ ይሠራል። ወለሉ ርብራብ፣ ጣሪያው ሣር ነው። ከሥሩ እሳት ይነዳል። መጀመሪያ የምታየው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ነው፣ ምክንያቱም የዱር አሳማ ዓይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫው አይጣል ነው። እግሩን አትሰማም። የምትሰማው አገዳው ሲሰበር ነው። ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። እስትንፋስህን ይዘህ ትጠብቃለህ። እንደገና ቀጭ፣ አሁን ወደ ቀኝ ሄዷል። ቆርቆሮ ትመታለህ፣ ትጮኻለህ፣ የሚነድ ጉማጅ ትወረውራለህ። በዚህ ስታስወጣው በዚያ ይገባል። ጠዋት ወርደህ ስታይ የበላው ጥቂት ነው፣ ረግጦ ያጋደመው ግን እስከ ዳር ድረስ ነው። አፈሩንም በአፍንጫው ገልብጦታል። የስንት ወር ላብ! ገድለኸው ብታውቅ እንኳ አትበላውም። እኛ ዘንድ አሳማ አይበላም፣ ለጅብ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ አሳማ ላይ የሚተኩስ ገበሬ ሥጋ አምሮት አይደለም።

ቀን የዝንጀሮ ተራ ነው። ገመሬው ብቻውን ቀድሞ ይመጣና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ማሳውን ያጠናል። የሚጠብቀው ወንድ ነው ሴት፣ ልጅ ነው ትልቅ፣ የያዘው ዱላ ነው ጠብመንጃ፣ ሁሉን ይለያል። ሴት ብቻዋን ከሆነች አይሸሽም፣ እንዲያውም ይጋፈጣታል። መንጋው ከኋላ ሆኖ የእሱን ምልክት ይጠብቃል። አንዴ ከገባ ደግሞ እሸቱን ቀጥፎ፣ አንዱን ነክሶ ጥሎ ሌላውን ያነሣል። ስለዚህ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ። ይህንን ከተማ ያለ ሰው በደንብ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ፦ የእኛ ሰፈር ልጅ ጥቅምት ላይ ከክፍል የሚጠፋው ሰንፎ አይደለም፣ ወንጭፍ ይዞ ዝንጀሮ እየጠበቀ ነው።

አያ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ ማሽላቸው ሲያልቅባቸው ጉዳዩ ወደሚመለከታቸው ሰዎች ሄዱ። ማመልከቻ ያስገቡ ተባሉ። አጽፈው አስገቡ። ኮሚቴ መጥቶ ያያል ተባሉ። አዝመራው ተሰበሰበ፣ አውድማው ተጠረገ፣ የመጣ ሰው የለም። በግልጽ የተነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ገድለው እንዳይገኙ።" የዚያን ቀን ማታ እኔ ቤት መጡና "አንተ ልጅ፣ ተምረሃል፣ እስቲ ንገረኝ። ከእኔና ከአሳማው መንግሥት ያለው ማን ነው?" አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እንዲህ የተገፋ ሰው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ መርዝ ይገዛል። እኔ ከጥይት ይልቅ የምፈራው መርዝን ነው። ጥይት የሚመታው አንዱን ነው። መርዝ የገባበት ሥጋ ጅቡን ይገድላል፣ የጅቡን ሬሳ የበላው ጥንብ አንሣ ይሞታል፣ የሰፈሩ ውሻ ይሞታል። ጥንብ አንሣ ሲጠፋ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ከርሞ ይሸታል፣ በሽታም ያመጣል። ወጥመድም ያው ነው። ለአሳማ የተጠመደ ሽቦ ድኩላ ይይዛል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። የተኩስ ድምፅ አገር ይሰማዋል፣ መርዝና ሽቦ ግን ማንም አይሰማቸውም። ሰውን ሁሉ "አትተኩስ" ብለህ ሌላ መፍትሔ ካልሰጠኸው ወደዚያ ነው የምትገፋው።

ሕጉን ሳያውቅ ነው የሚያወራው እንዳይባል፦ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣ ነው። ከዚያም ደንብ ቁጥር 163 ተከተለው። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። መልካም። ግን ፈቃዱ ለማን ነው የተመቻቸው? የውጭ አገር አዳኝ ባሌና አርሲ ተራራ ላይ የደጋ አጋዘን ለመምታት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። አጃቢና ዱካ ተመልካች ተመድቦለት፣ ድንኳን ተተክሎለት ያድናል። ይህን አልቃወምም። በኮታ እስከሆነና ገንዘቡ ለጫካውና በዙሪያው ላለው ሕዝብ እስከደረሰ ድረስ እንዲያውም ጥሩ ሥራ ነው። የእኔ ጥያቄ ስለ ቆላው ገበሬ ነው። ማሳው ላይ የገባ አሳማ ለመምታት፣ ለዚያ ወር፣ ለዚያ እንስሳ ብቻ፣ በቀበሌ ደረጃ ቶሎ የሚሰጥ ፈቃድ እኛ ሰፈር ድረስ ሲመጣ አላየሁም። ደንብ ሲረቀቅ ስብሰባው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይሆናል፣ ሻይና ብስኩት ይቀርባል። እስቲ አንዴ ጥቅምት ላይ እኛ ዘንድ ይምጡ። ራቱን እኛ እንችላለን። ሌሊቱን ማማ ላይ እናሳድራቸውና ጠዋት ማሳውን አብረን እንይ። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው አንቀጽ የተለየ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ሽቅብ ወደ ሰሜን ተራሮች ስወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የማየው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተከለለ። በ1970 ዓ.ም ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው፣ ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው። ያስገባው ምን ነበር? የዋልያው ቁጥር ማሽቆልቆል፣ የሰፈራውና የእርሻው መስፋፋት፣ በመሃሉ የሚያልፈው መንገድ። ተኩስ የለበትም አልልም። ድሮ የዋልያ ቀንድ ለመጠጫ ዋንጫ ይፈለግ ነበር፣ ሥጋውም ይበላ ነበር። ግን ዋልያውን ገደሉ አፋፍ ላይ ያጣበቀው ከጠብመንጃው ይልቅ ማረሻውና ግጦሹ ነው። ሣሩን በግና ከብት ከጨረሰው፣ ተዳፋቱ ገብስ ከተዘራበት፣ አንድም ጥይት ባይተኮስ ዋልያ የት ይኖራል? ስለዚህ "አዳኙ ጨረሰው" ማለት ቀላል መልስ ነው። ከባዱ መልስ መሬት የሌለው ወጣት የት ይረስ የሚለው ነው።

ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለዋልያው፣ ለጭላዳውና ለቀይ ቀበሮው መልካም ሆነ፣ ግጦሹ ሲቀንስ ሣር ይመለሳል። ዕድሜውን በግ ሲያግድ የኖረ ሰው ግን ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? ካሳ የሚያልቅ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ቅጠል ቆርጦ፣ ውኃ ተሸክሞ መጀመሪያ ገደሉን የወጣው ግን የአካባቢው ሰው ነው። ያንን ሰው ነው ሻይ ቤት ተቀምጠን "የዱር እንስሳ ጠላት" የምንለው።

የአካባቢው ሰው የሚያውቀው ነገር ራሱ እንደ እውቀት አይቆጠርም። ቋራ ያለው አልጣሽ ፓርክ በ1998 ዓ.ም ተቋቋመ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም ተመራማሪዎች እዚያ ካሜራ አስቀምጠው አንበሳ መኖሩን አረጋገጡ፣ ዜናው ዓለምን ዞረ። የቋራ እረኛ ግን አልደነቀውም። ዱካውን አሸዋ ላይ ያየዋል፣ ሌሊት ሲያገሣ ከብቱን ይሰበስባል። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ጥሩ ነው፣ ማስረጃ ያስፈልጋል። እኔ የምለው እረኛውን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም ነው።

ለዚህ ነው ድሮ አዳኝ የነበሩ ሰዎች ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ይሁኑ የምለው። በእርግጥ ሰሜን ተራሮች ላይ ከቱሪስት ጋር የሚሄዱት ስካውቶች የአካባቢ ልጆች ናቸው። ጥሩ ነው፣ ግን ሥራው ቱሪስት ሲመጣ ብቻ የሚኖር ከሆነ አይበቃም። ጦርነቱ ሲመጣ እንግዳው ጠፋ፣ የስካውቱም የባለ በቅሎውም ኪስ ደረቀ። የራበው ሰው ደግሞ ዞሮ ተራራውን ነው የሚያየው። ደመወዙ ከቱሪስት ጋር የማይመጣና የማይሄድ መሆን አለበት። ዱካ አይቶ "ይሄ ትናንት ማታ ነው ያለፈው፣ አንዷ ታነክሳለች" የሚል ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። ወጣት ስካውት ከእሱ ጋር አንድ ክረምት ቢውል አዳራሽ ውስጥ ከሚሰጥ ሥልጠና የበለጠ ያገኛል።

ስለ ጠብመንጃም ሳልናገር አላልፍም። ክላሽ የአደን መሣሪያ አይደለም። በምንሽር ጊዜ አንድ ጥይት ውድ ነበር፣ ሰው አስቦ፣ ተጠግቶ፣ እርግጠኛ ሆኖ ነበር የሚተኩሰው። አሁን ጎረምሳው መንጋ ላይ ያርከፈክፋል። አንዱ ይወድቃል፣ አራቱ ቆስለው ገደል ይገባሉ። ይሄ አደን አይባልም። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም ይላል። ሥራ ላይ ማዋሉ በዚህ ዘመን ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ሽማግሌዎቻችን በየዕድሩ "መንጋ ላይ የተኮሰ ከእኛ አይደለም" ቢሉ ከአዋጁ በፊት ይሰማል።

መንግሥትን ሳንጠብቅ ዛሬ የምንችለው ነገርም አለ፣ እሱም የውሻ ጉዳይ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፣ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው። ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው ከሰው ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። እረኛው ውሻውን ይዞ ደጋ ይወጣል፣ ውሻው ከቀበሮው ጋር ይነካከሳል፣ በቃ። ክትባቱ የእኛንም ልጆች ይጠብቃል። ስለዚህ ክትባት ሰጪዎች ወደ ወረዳችሁ ሲመጡ ውሻውን ጫካ አትደብቁት፣ በገመድ አስራችሁ አምጡት። እኔ የእኔን አስከትቤያለሁ፣ አሁን ጎረቤቶቼን እየጨቀጨቅሁ ነው።