«ይሄን ወደዚያ» ማለት ይቅርብን

የእህቴ ልጅ እዚህ ደሴ አንድ ኮሌጅ ኤሌክትሪካል ይማራል። ዓይኑ የሚያየው በከፊል ነው። ሲመዘገብ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ሁሉ «ሕግ ቢማር አይሻለውም?» አለው፤ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያበሽቀኝ፣ ልጁ ሒሳብ ላይ እሳት ነው እኮ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ይሄን ወደዚያ ስናሻግረው» ይላል። ምኑን? ስሙን ቢጠራው ምን ይጎድልበታል? ሃንድአውቱ ደግሞ ስካን የተደረገ ፎቶ ስለሆነ ኤንቪዲኤ፣ ያ በነፃ የሚገኘው፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር፣ በቀጥታ አያነብለትም፤ በዎርድ የተጻፈውን ቢልኩለት ግን ያነብለታል።

ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ የሬዚስተር፣ ያ ኤሌክትሪክ የሚገድበው ትንሽ ዕቃ፣ መጠኑን የሚናገሩት ቀለሞች፣ በተለይ ቡናማና ቀይ፣ ይምታቱበታል። የላብ ቴክኒሺያኗ (ትባረክ!) በየሳጥኑ ላይ በትልቁ «220 ኦም»፣ «1 ኪሎ ኦም» ብላ ለጠፈችለት። የተጠራጠረውን በመልቲሜትር ይለካል። ደህና የሚያዩትም አሁን ቀለም መቁጠር ትተዋል።

ደረጃ የመውጣቱ ጣጣ ግን አለ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃ ለዊልቸር የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሏል፤ ላቡ ፎቅ ላይ ነው፣ ራምፕ (ዊልቸር የሚገፋበት ተዳፋት መውጫ) የለም፣ ዊልቸር የሚጠቀመውን ጓደኛቸውን ልጆቹ አዝለው ያወጡታል። ደጎች ናቸው። እሱ ግን መታዘል ሰልችቶታል፤ ላቡ ወደ ምድር ይውረድልን ብለው ማመልከቻ አስገብተዋል።