የጭስ ማሽን ይዤ ስመለስ

ከአዲስ አበባ ስነሳ የቸርቻችን የአምልኮ ቡድን መሪ አንድ ዕቃ እንዳመጣለት ለመነኝ። የጭስ ማሽን። ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። «እዚህ ከዲጄዎች ነው የምንከራየው፣ በየሳምንቱ አልቻልነውም» አለ። ልጁን እወደዋለሁ። እሺ አልኩ።

ያረፍኩት አክስቴ ልጅ ጋ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ወደ ደቡብ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ። የሐበሻ ምግብ ሲያምራት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ትወጣለች፤ እሁድ ግን ልጆቿ ወደሚወዱት የሰፈር ቸርች ነው የምትሄደው። ስሙን አልጠራም፤ እንደሱ ያለ በየመንገዱ አለ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች እጃቸውን እያውለበለቡ ተቀበሉን። በር ላይ ቡና አለ። ከቡናው አጠገብ በትንሽ ቅርጫት የጆሮ መድፈኛ። ለአምልኮ ገብተህ ጆሮህን የምትደፍነው! ውስጡ ግድግዳው ጥቁር ነው፣ መስኮት የለውም። ስክሪኑ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ዜሮ ሲል መብራቱ ጠፋ፣ ከመድረኩ ሥር ጭስ ተነሳ። የኔ ማሽን፣ አልኩ በልቤ።

ዘማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ግን ዞር ብዬ አየሁ፤ በኛ መስመር አፉን የከፈተ የለም። ሁሉም ቡናውን ይዞ ያያል። ስብከቱ ስለ ጭንቀት ነበር፣ መጥፎ አይደለም። ከተጀመረ አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሁሉ ነገር አለቀ። መኪና ውስጥ ስንገባ የዘጠኝ ዓመቱ ልጇ፣ «አጎቴ፣ ወደድከው?» አለኝ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እኛ ቤት ከጸሎት ቤት የተመለሰ ሰው የሚጠየቀው «ምን ተሰበከ?» ተብሎ ነው። ወደድከው ወይ ያለኝ ሰው አላስታውስም።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ሥራ ስትሄድ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ያለች ጋርደን ግሮቭ የምትባል ከተማ ላይ አወረደችኝ። ይህ አሠራር ከየት እንደጀመረ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሮበርት ሹለር የሚባሉ ወጣት ፓስተር 500 ዶላር ተሰጥቷቸው ወደዚህ አካባቢ መጡ። አዳራሽ አጡ። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ፊልም የሚያይበትን ሜዳ ተከራዩና መክሰስ መሸጫው ጣሪያ ላይ ወጥተው ሰበኩ። ሰዉ ከመኪናው ሳይወርድ ሰማ። በዚያው ዓመት ጎረቤት አናሃይም ውስጥ ዲዝኒላንድ ተከፈተ።

ሹለር ቤት ለቤት እያንኳኩም ሰዉን ይጠይቁ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ምን ብታደርግልህ ትመጣለህ? ጥያቄው ክፋት የለውም። ብርቱካን እየተነቀለ ቤት የሚሠራበት አዲስ ሰፈር ነው፤ ሁሉም እንግዳ፣ ሁሉም መኪና አለው፣ እሁድ ደግሞ የሚያጓጓ ሌላ ነገር ሞልቷል። ያን ሰው ከፈለግህ የሚወደውን ማወቅ አለብህ። መልሱን ግን ወስደው ሕንጻ ሠሩበት።

ሕንጻው አሁንም አለ። በ1980 የተመረቀው ክሪስታል ካቴድራል፣ ከ10,000 በላይ መስተዋት። ከሰባኪው ጀርባ ግዙፍ በሮች ይከፈቱ ነበር፣ ውጭ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውም እንዲያይ። ለገናና ለፋሲካ ግመሎች ይገቡ ነበር፤ መላእክት በገመድ ታስረው ከላይ ይበርሩ ነበር። በጥቅምት 2010 ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዘው ኪሳራ አወጁ። ገንዘባቸውን ከሚጠይቁት መካከል እንስሶቹን ያቀረቡ ሰዎች ነበሩበት። ሕንጻውን የኦሬንጅ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት በ57.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከ2019 ጀምሮ የካቶሊክ ካቴድራል ነው።

ስገባ ጸጥ ብሏል። መስተዋቱን ከውስጥ በነጭ ጥላ ሸፍነውታል፣ ብርሃኑ ለስለስ ብሎ ነው የሚወርደው። አንዲት ቬትናማዊት የምትመስል አሮጊት ጫማቸውን አውልቀው ተንበርክከዋል። ከውጭ አንድ ጎብኚ ሽማግሌ አገኘሁ። በልጅነታቸው እዚህ እያመለኩ ነው ያደጉት።

«አባቴ የመኪናውን ድምፅ ከፍ ያደርግልናል፣ እኔና እህቴ ከኋላ እንደባደባለን» አሉና ሳቁ።

«ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ ታዲያ?»

ወደ አውራ ጎዳናው በእጃቸው አመለከቱ። «ሌሎች ተከፈቱ። የተሻለ ሙዚቃ ነበራቸው።»

አላዘኑም። የሱቅ ነገር የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ከሌሎቹ አንዱ ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ ሌክ ፎረስት ያለው ሳድልባክ ቸርች። መሥራቹ ፓስተር ሪክ ዋረንም በ1980 ሲጀምሩ መጀመሪያ በር ነው ያንኳኩት። ኋላ «ሳድልባክ ሳም» የሚባል ሰው በሥዕል ሠሩ፤ የተማረ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ሰፈሩን የሚወድ፣ የሃይማኖት ድርጅት የማይጥመው። ሁሉ ነገር ለሳም ተሰፋ። ግቢው ያምራል፤ ለድሃ የሚሠሩትንም ሥራ ማቃለል ነውር ነው። ብቻ ሳም ፓስፖርት አውጥቷል። ቅርንጫፎቻቸው ሆንግ ኮንግ፣ በርሊን፣ ማኒላ ደርሰዋል። በ2005 ደግሞ ኪጋሊ ስታዲየም ውስጥ ሩዋንዳ በዋረን ትምህርት የምትመራ የመጀመሪያዋ አገር እንድትሆን ታወጀ። ከጭፍጨፋው ገና 11 ዓመቷ ነው። የሳም መጠይቅ እዚያ ምን ይሠራል?

እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። መድኃኒቱ የታዘዘው ቤተ ክርስቲያን ለሰለቸው ሰው ነው። የኛ ሰው መቼ ሰለቸው? እናቴ ሆሳዕና ውስጥ በደርግ ዘመን ቤት ውስጥ ስታስጸልይ ጀበና ጥዳ ነበር፣ ጎረቤት ቡና የተጠራሩ እንዲመስለው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ተዘግታ ከዓመታት በኋላ ስትከፈት በብዙ እጥፍ አድጋ ነው የተገኘችው፤ መድረክ የለ፣ ማይክ የለ። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ውስጥ መስኮቷን ደፍና ግድግዳዋን ጥቁር የቀባች ጸሎት ቤት አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ለስክሪኑ። ሽማግሌዎቹ ጆሯችንን አመመን ቢሉ ሰሚ አጡ፤ አሁን ወደ በሩ ተጠግተው ይቀመጣሉ።

ፈረንጆቹ ራሳቸው ቆም ብለው ያዩትን እኛ በሩጫ ላይ ነን። ቺካጎ አጠገብ ያለችውና ይህን መንገድ ለዓለም ያስተማረችው ዊሎው ክሪክ በ2007 ምእመናኗን አስጠንታ፣ በፕሮግራም ብዛት መሳተፍ ሰውን በመንፈስ እንደማያሳድግ በራሷ አፍ ተናግራለች። ያ ዜና ወደኛ ሲመጣ በየት እንደቀረ እንጃ። የመብራቱ ካታሎግ ግን ደርሷል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ማሽኑን አልገዛሁም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ገዛሁት። ቃል ገብቻለሁ፤ ደግሞ ልጁ በየቀኑ «አገኘኸው?» ይለኛል። ፈሳሹን አውሮፕላን ላይ ይከለከላል ብዬ ተውኩት።

ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬ ተለይቶ ተከፈተ። የጉምሩኳ ሴት ማሽኑን ከሹራቦቼ መሐል አወጣችው። አንገቷ ላይ ማተብ አለ።

«ምንድን ነው?»

«የጭስ ማሽን።»

«የምን ጭስ?»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው።»

ፊቷ ፈካ አለ። «ውይ፣ ጽና ነው በለኛ! በመብራት የሚሠራ መጣ?»

«አይ፣ እኛ… ጴንጤዎች ነን።»

ማሽኑን አገላብጣ አየችው፣ እኔንም አየችኝ። ከዚያ ወደ ባልደረባዋ ዞራ ጮክ አለች።

«አልማዝ፣ ነይ እይ! ጴንጤዎችም ማጠን ጀመሩ!»

ቀረጡን ከፍዬ ወጣሁ።