10 ኩንታል ጤፍ ቁጥር አይደለም ሲባል

አጎቴ ደጀን ላይ እህል ይነግዳሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ለእንቁጣጣሽ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «አንተ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ ትል የለ? እስቲ የጤፍ ሒሳብ የሚያወጣ ነገር ስልኬ ላይ ሥራልኝ» አሉኝ።

ኩንታሉን በዋጋው ማባዛት፣ የጫኞችን መደመር። በቃ። ካልኩሌተር ይበቃው ነበር። እኔ ግን ያን ሰሞን ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ፣ ፕሮግራምን ከትናንሽ ፈንክሽኖች የመገጣጠም ስልት፣ ጀምሬ ልቤ አብጧል። ፈንክሽን የሰጡትን ተቀብሎ መልስ የሚያወጣ የፕሮግራም ቁራጭ ነው። በከሪ ካልሆነ አልሠራም አልኩ።

ከሪ ስል ወጡን እንዳይመስላችሁ። ሃስኬል ከሪ የሚባል አሜሪካዊ የሎጂክ ሊቅ ነበር። የራሱ ስም ለፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ የአባቱ ስም ለዚህ ዘዴ ወጣ፤ ለሰውዬው ምንም አልተረፈው። ዘዴው ቀላል ነው። ሦስት ነገር የሚቀበለውን ፈንክሽን አንድ አንድ እያላችሁ ታጎርሱታላችሁ። ሦስቱ እስኪሞሉ መልስ የለም፤ ሌላ ፈንክሽን እየሰጠ «ጨምር» ይላል። እኔም ፕሮግራሙን፣ የመጣው ፈንክሽን ከሆነ ቀጣዩን ጠይቅ፣ ቁጥር ከሆነ ሒሳቡን አሳይ አልኩት።

ማስጫኛው ብዙ ጊዜ በኩንታል 50 ብር ነው። ስለዚህ ካልተነገረህ 50 ብለህ ያዝ ብዬ ጻፍኩለት። ጋሼ ሻይ ሲያዙ ስለ ስኳሩ አይናገሩም፤ ልጅቷ ሁለት ማንኪያ እንደሆነ ታውቃለች። እንደዚያ መሆኑ ነው።

በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። ሹፌሩ ሳይመሽ ዓባይ በረሃን ልሻገር ብሎ ሞተሩን አስነስቷል። ሌሊቱን ዝናብ ስለጣለ ጫኞቹ ከ70 ብር በታች ጆንያ አንነካም ብለዋል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው 10 አሉ። ቀጥለው 12,000። ስልኩ 120,500 ብሎ ቁጭ!

«ማስጫኛውንስ መቼ ነው የሚጠይቀኝ?»

«እኛን ረስቶናል» አለ አንዱ ጫኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሪዬ ስንት አርጊውመንት፣ ማለትም ስንት ጉርሻ፣ መጠበቅ እንዳለበት የሚያውቀው ፕሮግራሙን ከጻፍኩበት ቋንቋ ከጃቫስክሪፕት ጠይቆ ነው። ፈንክሽን ሁሉ «ሌንግዝ» የምትባል ነገር አለችው፤ ስንት እንደሚቀበል እሷ ትናገራለች። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት። «ካልተነገረህ ይህን ያዝ» የተባለው ጋ ስትደርስ መቁጠር ታቆማለች። በ50 ብሬ ምክንያት ሦስቱን ሁለት ብላ መሰከረች።

50ዋን አጥፍቼ ብተዋት ይበቃ ነበር። ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ግን ማን ያስባል? ላፕቶፔን ጆንያ ላይ ዘርግቼ፣ ሦስት ነጥብ ደርድሬ «የመጣውን ሁሉ ሰብስበህ ተቀበል» አልኩት። ጋሼ እንደገና 10 አሉ። ዋጋውን እንኳን ሳይጠይቅ «ናን» የሚል ጻፈ።

«ናን ምንድን ነው ደግሞ?»

«ቁጥር አይደለም ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«10 ኩንታል ጤፍ ቁጥር አይደለም? ታዲያ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። «ጃቫስክሪፕት ዓይነቱን ሲጠይቁት ግን ቁጥር ነው ይላል» አልኳቸው። ጫኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ለካ ያ ሦስት ነጥብ ካለ ሌንግዝ 0 ትላለች፤ ከሪውም የመጀመሪያዋን ጉርሻ እንዳገኘ ጠገብኩ ብሎ ተነሳ። ጋሼ 120,700ን በአፋቸው አስልተው ከፈሉና መኪናው ሄደ።

ማታ ሎዳሽ በሚባለው ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ባዘጋጁት ኮድ፣ ከሪ ለወጥኩት። እሱ ሌንግዝን ካላመናችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ እንድትነግሩት ይፈቅዳል። 3 ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ጭነት ኩንታሉን ጠየቀ። ዋጋውን ጠየቀ። ማስጫኛውንም ጠየቀ። ጋሼ «ይኸው!» ብለው ስልኩን ለጫኞቹ ሲያሳዩ፣ ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«የሻይስ የት ነው የሚገባው?»